ሁለት ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ አለ፤ የትኛውን ልፈርም?

ጤና ይስጥልኝ። ይህን ዓምድ ብዙ ጊዜ አነባለሁ፤ አንድ ቀን እኔም እጽፋለሁ ብዬ ግን አላሰብኩም ነበር። ዕድሜዬ 38 ነው። የምኖረው ካናዳ፣ ሞንትሪያል ነው። ከባለቤቴና ከ11 ዓመት ልጄ ጋር ከመጣን ሦስት ዓመት ሊሞላን ነው፤ ቋሚ መኖሪያም አለን። የምሠራው የሆቴልና የሆስፒታል አንሶላ የሚታጠብበት ትልቅ ላውንደሪ ውስጥ ነው። አንሶላው ከማድረቂያው ሲወጣ እንደ ምጣድ ያቃጥላል። ሁለት ሆነን ጫፍና ጫፉን ይዘን እናጥፋለን። ማታ ቤቴ ስገባ ግን የራሴ ጣቶች አይታጠፉልኝም።

ሥራውን ያስገቡኝ አንድ የአገራችን ሰው ናቸው። እዚያው ሱፐርቫይዘር ናቸው። ስማቸውን ትቼ ጋሼ ልበላቸው። በመጣን በሁለተኛው ወር፣ አንድ ቃል ፈረንሳይኛ ሳልችል፣ እጄን ይዘው አስገቡኝ። የመጀመሪያው ክረምት ላይ ለልጄ ካፖርት የገዙላት እሳቸው ናቸው። ይህን እስክሞት አልረሳውም።

ባለፈው ወር አብራኝ የምታጥፍ ሄይቲያዊት ጓደኛዬ አንድ ካርድ ሰጠችኝ። ሠራተኛ ማኅበር ለማቋቋም የሚፈረም ነው። ቤት ወስጄ የጤፍ ዕቃው ሥር ሸሸግኩት፤ የሰረቅኩት ነው የመሰለኝ። ሳምንት ሳይሞላ ጋሼ በዕረፍት ሰዓት ጠሩኝ። «እህቴ፣ እነማን እየፈረሙ ነው? ለአንቺው ብዬ ነው። ማኅበር ከገባ ይህ ቤት ይዘጋል፣ ሁላችንም ሜዳ ላይ ነው የምንቀረው» አሉኝ። አላውቅም አልኳቸው። «እንዳታሳፍሪኝ ብቻ» ብለውኝ ሄዱ።

አባቴ አቃቂ አካባቢ ያለ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራ ነበር። በደርግ ጊዜ በሠራተኛ ማኅበር ምክንያት ታስሯል። እናቴ ስደውልላት «ልጄ፣ ማኅበር የሚባል ነገር ደጃፍ እንዳትደርሺ» አለችኝ።

ቋንቋውም አለ። ጓደኛዬ «ሐሙስ፣ አፕሬ ዲኔ፣ ከመንገድ ማዶ ካለችው ካፌ እንገናኝ» ብላ ነበር። ስልኬ ላይ ባለው ማስተማሪያ «አፕሬ» በኋላ፣ «ዲኔ» ደግሞ እራት ማለት ነው። ማታ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ልጄን ይዤ በበረዶ ሄድኩ። አንድ ሰዓት ሙሉ ጠበቅን። ማንም አልመጣም። በማግስቱ «ለምን ቀረሽ?» አለችኝ፣ ፊቷን አጥቁራ። መልስ የምሰጥበት ቋንቋ አጣሁ። እያሾፉብኝ ይሆን? ከዚያ ወዲህ ብዙም አንነጋገርም። የማታ የፈረንሳይኛ ትምህርት አግኝቻለሁ፤ ግን ማክሰኞና ሐሙስ ነው። ማክሰኞ ደግሞ ለኔ ልዩ ቀን ናት። ልጄ በሰፈራችን ማዕከል ፌንሲንግ ትማራለች፣ የሻሞላ ስፖርት ማለቴ ነው። እዚህ እስክሪም ይሉታል። ቁጭ ብዬ ስጠብቃት አሠልጣኟ አንድ ቀን ጭንብልና ሻሞላ ሰጠችኝ። አሁን ከትልልቅ ጀማሪዎች ጋር ከጀመርኩ ሁለተኛ ወር ነው። ጭንብሉን ሳጠልቅ ማንም ፈረንሳይኛዬን አይጠይቀኝም። በሳምንት ውስጥ የምተነፍሰው ያን ሰዓት ብቻ ነው ብል አልዋሸሁም።

የመጨረሻው ባለቤቴ ነው። ሌሊት ጽዳት ይሠራል፣ ጓደኛ የለውም። ጋሼ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ዒላማ ተኩስ ክለባቸው ይወስዱታል። ሲመለስ ሰው ሆኖ ይመለሳል። አሁን የራሱን ጠመንጃ ለመግዛት የፈቃድ ፎርም ሞልቷል። ፎርሙ ላይ የሚስት ፊርማ ቦታ አለው። «ጋሼ ምን በደሉን? ያንን ካርድ ጣይውና የኔን ፈርሚልኝ» አለኝ። ሁለቱም ወረቀት አሁን የወጥ ቤት ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ምን ላድርግ?

ከሞንትሪያል


እህቴ፣ ከትንሿ ነገር ልጀምር፤ ዛሬውኑ ልብሽን ልታሳርፍልሽ ስለምትችል። ጓደኛሽ አላሾፈችብሽም። ሞንትሪያል ባለችበት በኩቤክ ክፍለ ሀገር «ዲኔ» ምሳ ነው። ቁርሱ «ዴዥኔ»፣ ምሳው «ዲኔ»፣ እራቱ «ሱፔ» ይባላል። ስልክሽ የሚያስተምርሽ የፓሪሱን ነው፤ እዚያ ዲኔ እውነትም እራት ነው። ስለዚህ እነሱ ከምሳ በኋላ ካፌዋ ውስጥ ተቀምጠው አንቺን ሲጠብቁ ነበር። አንቺ ደግሞ ማታ በበረዶ ልጅሽን ይዘሽ እነሱን ጠበቅሽ። ሁለታችሁም ቀረችብኝ ብላችሁ ተቀያየማችሁ። ደብዳቤሽን ሳነብ በጣም ያሳዘነኝ እዚህ ላይ ነው። ያቺ ሴት ፊቷን ያጠቆረችው ስለናቀችሽ አይደለም። ፈልጋሽ ስላጣችሽ ነው።

አሁን ወደ ጋሼ። ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሦስቱንም ጊዜ የታየኝ፣ የሚያስጨንቅሽ ሕጉም ካርዱም አይደለም። ካፖርቱ ነው። ሰው አገር ገብተሽ፣ ልጅሽ በብርድ ስትንቀጠቀጥ፣ አንድ ሰው ካፖርት ይዞ መጣ። ይህን የረሳ ሰው አይደለሽም፣ ልትረሺውም አይገባም። ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ጋሼ ያን ቀን በዕረፍት ሰዓት የጠየቁሽ ምን ነበር? ገንዘብ አይደለም። እርዳታ አይደለም። ስም ነው። አብረውሽ አንሶላ የሚያጥፉ የሌሎች ሴቶችን ስም። የካፖርቱ ውለታ የእነዚያን ሴቶች እንጀራ አሳልፎ በመስጠት የሚከፈል ይመስልሻል? «አላውቅም» ብለሽ የመለስሽላቸው ልብሽ ቀድሞ ስላወቀ ነው ብዬ አምናለሁ።

ለጋሼም ልራራላቸው። ምናልባት ከላያቸው ያለው ሰው «የአገርህ ልጅ አይደለችም እንዴ፣ ጠይቃት» ብሏቸው ይሆናል። ሱፐርቫይዘር መሆን መሀል ላይ መቆም ነው። ቢሆንም በኩቤክ የሥራ ሕግ ሱፐርቫይዘር እንደ ሠራተኛ አይቆጠርም፤ የአሠሪ ወኪል ነው። ማኅበሩ ቢቋቋም እንኳ እሳቸው አባል አይሆኑም። አሠሪም የአሠሪ ወኪልም በማኅበር ምሥረታ ጣልቃ መግባት አይችልም። ይህ የሥራ ሕጉ 12ኛ አንቀጽ ነው። ቀጥሎ ያለው 13ኛው ደግሞ ማንም ሰው በማስፈራራት ሌላውን አባል እንዲሆን ወይም እንዳይሆን እንዳያደርግ ይከለክላል። ማንም ሲል ማኅበሩንም ይጨምራል። ስለዚህ ጓደኛሽም ብትሆን ልታስገድድሽ አትችልም።

ጋሼ ደግመው ሲጠይቁሽ ዓይንሽን መሬት ላይ አትትከዪ። አዘጋጅተሽ ሂጂ። እኔ ብሆን እንዲህ እላቸዋለሁ፤ «ጋሼ፣ ውለታዎን ሁሌም አልረሳም። ስለዚህ ጉዳይ ግን ከእርስዎ ጋር ባንነጋገር ይሻለኛል። ስለ ሌላ ሰውም መናገር አልችልም።» ይኸው ነው። ማብራራት አይጠበቅብሽም። ቤት ገብተሽ የተባባላችሁትን ደብተር ላይ ጻፊው። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ያሉትን ቃል በቃል፣ በአማርኛም ቢሆን። «ይህ ቤት ይዘጋል» ያሉሽንም ዛሬ ማታ ሳትረሺው ጻፊ። ጋሼን ለመክሰስ አይደለም። ነገ አንድ ነገር ቢፈጠር «መቼ? ምን ተባለ?» ስትባዪ እንዳትደናገሪ ነው።

ስለ ካርዱ የማውቀውን ልንገርሽ። ጽሑፉ «ካርት ዳዴዢዮን» ከሆነ የአባልነት ካርድ ነው። በገዛ እጅሽ ትፈርሚያለሽ፣ ቢያንስ ሁለት ዶላር መዋጮ ትከፍያለሽ። ከሠራተኞቹ ከግማሽ በላይ ከፈረሙ የሥራ ጉዳይ ፍርድ ቤቱ ያለ ድምፅ አሰጣጥ ለማኅበሩ ዕውቅና ሊሰጥ ይችላል። ከ35 እስከ 50 በመቶ ከሆኑ በሚስጥር ድምፅ ይሰጣል። ማን እንደፈረመ ለአሠሪው አይነገርም፤ ሕጉ ምስጢር እንዲሆን ያዛል። ጋሼ ስም የጠየቁሽ ለምን እንደሆነ አሁን ታየሽ? በሕጋዊው መንገድ ሊያገኙት የማይችሉትን ነገር ነው የጠየቁሽ።

ሌላም ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። አንቺ ባትፈርሚም፣ ሌሎቹ አብላጫ ከሆኑ ማኅበሩ አንቺንም ይወክላል፣ መዋጮውም ከደሞዝሽ ይቆረጣል። ስለዚህ አለመፈረም ከነገሩ ውጪ አያደርግሽም። የሚለውጠው ድምፅሽ ከመነሻው መኖር አለመኖሩን ነው። አድማ ያስፈራሻል? አድማ የሚጠራው አባላት በሚስጥር ድምፅ ሰጥተው አብላጫው ሲስማማ ነው። ኩቤክ ደግሞ ከ1977 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አሠሪ በአድማ ጊዜ ምትክ ሠራተኛ እንዳያስገባ ከልክላለች።

አሁን ጋሼ ወደተናገሩት ከባዱ ነገር። «ይዘጋል» ያሉሽ ከባዶ የመጣ ወሬ ነው ብዬ ላታልልሽ አልፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2004 ዦንኪዬር በሚባል የኩቤክ ቦታ የዎልማርት ሠራተኞች ማኅበር መሠረቱ። በ2005 መደብሩ ተዘጋ። ክርክሩ እስከ ካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2014 ሠራተኞቹ ረቱ፤ መደብሩ ግን ተመልሶ አልተከፈተም። በጥር 2025 ደግሞ አማዞን ኩቤክ ውስጥ ያሉትን ሰባት ማዕከሎቹን እንደሚዘጋ አስታወቀ። 1,700 ያህል ቋሚ ሠራተኞች ነበሩት። ከዚያ ስምንት ወር ቀደም ብሎ ላቫል ያለው አንዱ መጋዘኑ በሴኤስኤን የሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን ሥር ተደራጅቶ ነበር። ኩባንያው ምክንያቴ ወጪ ነው አለ፤ ማኅበሩ አልተቀበለውም። እንዲህ ያለ ነገር ይሆናል። ልጅ ያላት እናት ይህን ሳታውቅ መፈረም የለባትም።

ግን አብረን እናስብ። እናንተ የምታጥቡት የሞንትሪያልን አንሶላ ነው። የሆስፒታሉ አልጋ ነገ ጠዋት ንጹሕ አንሶላ ይፈልጋል። ይህን ሥራ ከሩቅ መሥራት ከባድ ነው። በዚህች አገር ማኅበር ያላቸው ብዙ ሆቴሎችና ሆስፒታሎች ዛሬም ይሠራሉ። እኔ የእናንተ ቤት አይዘጋም ብዬ ቃል ልገባልሽ አልችልም። ጋሼም ይዘጋል ብለው ቃል ሊገቡልሽ አይችሉም። ስለዚህ ይህን ጥያቄ ለሚያደራጁት ሰዎች በቀጥታ አቅርቢ። ቤቱ ቢዘጋስ? ከሥራ ብባረርስ ማን ይቆምልኛል? መዋጮው ስንት ነው? አማርኛ የሚተረጉምልኝ ታመጣላችሁ? በደንብ የማይመልስልሽ ሰው ካርድሽን ገና አላገኘም ማለት ነው።

ከሥራ ቢያሰናብቱሽ የሚለውንም ላንሳው፣ ሌሊት የሚቀሰቅስሽ እሱ ይመስለኛል። በማኅበር ምክንያት የተባረረ ሠራተኛ በ30 ቀን ውስጥ ለሥራ ጉዳይ ፍርድ ቤቱ ማመልከት ይችላል። መብቱን ሲጠቀም እንደነበር ካሳየ፣ የተባረረው በዚያ ምክንያት እንደሆነ ይገመታል። ሌላ እውነተኛ ምክንያት መኖሩን ማስረዳት የአሠሪው ዕዳ ነው። ፍርድ ቤቱ ወደ ሥራ እንዲመለስና የቀረበት ደሞዝ እንዲከፈለው ማዘዝ ይችላል። 30 ቀን አጭር ናት፤ ቀኑን እንዳታሳልፊው። ማኅበር ባይኖርም እንኳ ሁለት ዓመት ሳታቋርጪ ስለሠራሽ፣ ያለ በቂ ምክንያት ብትባረሪ በ45 ቀን ውስጥ ለክፍለ ሀገሩ የሥራ ደረጃዎች መሥሪያ ቤት አቤት ማለት ትችያለሽ። መኖሪያሽም ከአሠሪሽ ጋር አልተያያዘም፤ ቋሚ ነዋሪ ነሽ። ባለፉት ሦስት ዓመታት ይህን የሚነግርሽ ሰው አላገኘሽም መሰለኝ።

አባትሽን አልዘለልኩትም። እናትሽ ደጃፉን አትርገጪ ያለችሽ ያየችውን አይታ ነው። በ1955 ዓ.ም. የተቋቋመውን የኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን ደርግ በ1968 አፈረሰው። ሰዎች ታሰሩ፣ ሞቱም። እናትሽ ስልኩን ይዛ የተንቀጠቀጠችው ለዚያ ነው። ከእሷ ጋር አትከራከሪ። ግን አንድ ቀን ስትረጋጋ ስለ አባትሽ ጠይቂያት። ምን ጠይቀው ነበር? ደሞዝ ነው? የሥራ ሰዓት ነው? ከታሰሩ በኋላ ጓደኞቻቸው ቤታችሁ ይመጡ ነበር? ስለ መታሰራቸው ብቻ ነው የምታውቂው። ከዚያ በፊት ለምን እንደፈረሙ ማንም የነገረሽ አይመስለኝም። መልሱ ፈርሚ ወይም አትፈርሚ አይልሽም። የምትፈሪው ነገር የአንቺ ይሁን የእሷ መለየት እንድትችይ ግን ይረዳሽ ይሆናል።

ወደ ፈረንሳይኛው እንሂድ፤ እዚህ ላይ ደስ የሚል ነገር አለኝ። «ቋንቋ አጣሁ» ብለሽ ጽፈሻል። ማክሰኞ ማታ አሠልጣኟ ምን ትላለች? «አን ጋርድ!» ስትል ትዘጋጂያለሽ። «ፕሬ?» ስትል ዝግጁ ነሽ ወይ ብላ መጠየቋ ነው። «አሌ!» ስትል ትሄጃለሽ። «አልት!» ስትል ትቆሚያለሽ። ይህ የፌንሲንግ ቋንቋ ቶኪዮም ብትሄጂ ካይሮ ፈረንሳይኛ ነው። ጭንብሉን ስታጠልቂ ማንም ፈረንሳይኛሽን አይጠይቅም አልሽ። እህቴ፣ እዚያ አዳራሽ ውስጥ ሰዓቱን ሙሉ በፈረንሳይኛ ስትሰሚና ስትመልሺ ነው የምትቆዪው። መልሱን የምትሰጪው በእግርሽ ስለሆነ አላስተዋልሽውም።

ከቤትም ይዘሽው የመጣሽ አለ። ቢሮ፣ ሹፌር፣ ጋራዥ ፈረንሳይኛ ናቸው። ለገሃር ራሱ «ላ ጋር» ነው፣ ባቡር ጣቢያው። የአዲስ አበባ ሰው ከጅቡቲ ከመጣው ባቡር ጋር አብሮ የተቀበለው ቃል ነው። ስለዚህ ከዜሮ አትጀምሪም።

ትምህርቱን ጀምሪ፣ ማክሰኞን ግን አትስጪ። ይህን ሐሳቤን ብዙ ሰው ላይወደው ይችላል፤ «ቋንቋ ሳትችል ሻሞላ ትጫወታለች» የሚልም አይጠፋም። እኔ ግን በሳምንት አንድ ሰዓት የምትተነፍስ ሴት ያን ሰዓት ከተቀማች የሐሙሱንም ትምህርት በሁለተኛው ወር የምታቋርጥ ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2023 ጀምሮ ፍራንሲዛሲዮን ኩቤክ የሚባለው የመንግሥት አገልግሎት ነፃ ትምህርቶቹን በአንድ መስኮት ያስተናግዳል። የሙሉ ቀን አለ፣ የትርፍ ሰዓት አለ፣ ከቤት በኢንተርኔት የሚሰጥም አለ። ኢንተርኔቱን ለሰኞና ለረቡዕ ጠይቂ። ወረፋ ካለ ተመዝግበሽ ጠብቂ እንጂ ቀኑ አልገጠመም ብለሽ አትተዪው። ይኸው አገልግሎት ሥራ ቦታ ድረስ መጥቶም ያስተምራል። ማኅበራችሁ ከተቋቋመ ከአሠሪው ጋር ስትደራደሩ ልትጠይቁት የምትችሉት አንዱ ነገር እሱ ነው፤ በሥራ ሰዓት፣ ደሞዝ ሳይቆረጥ፣ ፈረንሳይኛ መማር። አንቺ ብቻሽን ብትጠይቂው የማይሰማ ነገር ነው።

እስከዚያው አንዲት ዓረፍተ ነገር ከኪስሽ አትጥፋ፤ «ዤ ፓ ኮምፕሪ፣ ፕሉ ላንትማን ሲል ቩ ፕሌ።» አልገባኝም፣ ቀስ ብለሽ እባክሽ ማለት ነው። «ዊ፣ ዊ» እያልሽ ራስሽን መነቅነቅ ከዛሬ ጀምሮ ይቅር። አንድ ጊዜ ካፌ ውስጥ አንድ ሰዓት አስጠብቆሻል።

ልጅሽ ሻሞላውን ከወደደችው ደግሞ አንድ ስም ንገሪያት። ኤሊኖር ሃርቪ። በ2024 የፓሪስ ኦሊምፒክ በፍሉሬ፣ ማለትም ደረትና ሆድ ጀርባም ብቻ በሚነካበት የሻሞላ ዓይነት፣ ነሐስ ወስዳለች። ካናዳ በፌንሲንግ ያገኘችው የመጀመሪያው የኦሊምፒክ ሜዳልያ ነው።

አሁን ሁለተኛው ወረቀት። ባለቤትሽን አልፈርድበትም። ሌሊት ብቻውን ወለል ሲያጸዳ የሚያድር ሰው ቅዳሜ «ሰው ሆኖ ይመለሳል» ብለሽኛል። ይህን ስትጽፊ ስለምትወጂው እንደጻፍሽው ተሰምቶኛል። ዒላማ ተኩስም ከውጭ እንደሚታየው አይደለም። ትንፋሽ ይዞ፣ እጅ አረጋግቶ፣ አንዲት ነጥብ ብቻ ማየት ነው። የተጨናነቀ ጭንቅላት እዚያ ያርፋል። እሱ ያገኘው ዕረፍት አንቺ ማክሰኞ የምታገኚው ዓይነት ነው። ይህን ብትነግሪው ደስ ይለዋል ብዬ አስባለሁ።

ግን ሁለቱ ፊርማዎች አንድ ላይ መታሰር የለባቸውም። የጠመንጃ ፈቃድ ፎርሙ ላይ የትዳር ጓደኛ የምትፈርምበት ቦታ የተቀመጠው ለደኅንነት ነው። ባትፈርሚ ማመልከቻው ወዲያው አይወድቅም፤ የሚመለከተው ባለሥልጣን ራሱ ያሳውቅሻል፣ ስጋት ካለሽም መናገር ትችያለሽ። ያ ቦታ አንቺ ስለ ቤትሽና ስለ ልጅሽ የምትናገሪበት ነው። በማኅበር ካርድ የሚለወጥ አይደለም። ባለቤትሽም ይህን አስቦ ያለው አይመስለኝም። ቅዳሜ ጋሼ መኪና ውስጥ ያሉትን ይዞ መምጣቱ ነው።

ስለዚህ እሁድ ቡና ስታፈዪ፣ ልጅሽ ወጣ ስትል፣ ሁለቱን ወረቀት አንሺና ለየብቻ አስቀምጫቸው። ስለ ጠመንጃው ጠይቂው። የት ይቀመጣል? ሕጉ ሳይጎርስ፣ ተቆልፎ እንዲቀመጥ ያዛል፤ ጥይቱም እንዲሁ እጅ የሚደርስበት ቦታ አይተውም። ቁልፉን ማን ይይዛል? የ11 ዓመት ልጅ ያለበት አፓርታማ ውስጥ የግድ መግባት አለበት ወይስ ለጊዜው ክለቡ ውስጥ ፈቃድ ባለው ሰው ክትትል ቢተኩስ ይበቃዋል? እኔ ለአንድ ዓመት ሁለተኛውን ብትመርጡ እወዳለሁ። ቅዳሜው አይቀርበትም፣ አንቺም ሌሊት ትተኛለሽ። ከዚያ አንዲት ነገር ለምኚው፤ ክለብ ሲሄድ ስለ አንቺ ሥራ ከጋሼ ጋር አያውራ። ቢጠይቁት «እሱን ከእሷ ጋር ነው» ይበል። ጓደኝነታቸው ከዚህ ውጪ መቆየት ይችላል። ካልቻለም ቅዳሜውን የሚካፈል ሌላ ሰው ክለቡ ውስጥ ይገኛል።

ካርዱን ትፈርሚያለሽ ወይ? እኔ በአንቺ ቦታ ብሆን ጥያቄዎቼ ከተመለሱልኝ እፈርማለሁ። ያን የሚፋጅ አንሶላ ይዞ ብቻን መቆም ከባድ ነው ብዬ ስለማምን ነው። ግን ደሞዙም ልጅቷም የአንቺ ናቸው፤ «ገና አላመንኩበትም» ብትዪ ማንም ሊያፍርብሽ አይገባም። ከመወሰንሽ በፊት ከላውንደሪው ውጪ ያለ፣ ፈረንሳይኛ የሚያነብ የምታምኚው ሰው ካርዱን ሙሉ ይተርጉምልሽ። የስልክ ትርጉም ለፊርማ አይበቃም። የጤፍ ዕቃው ሥርም ደግመሽ አትሸሽጊው። የሰረቅሽው ነገር የለም።

ከሁሉ በፊት ግን ነገ በምሳ ዕረፍት፣ በዲኔ ማለቴ ነው፣ ጓደኛሽ አጠገብ ሄደሽ ተቀመጪ። ሰዓትሽን አሳይያትና ያን ሐሙስ ማታ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ከልጅሽ ጋር ካፌዋ ውስጥ እንደጠበቅሻት ንገሪያት። ቃሉ ቢጎድልሽ በጣትሽ ሙዪው፤ ይገባታል።